ተማሪው ስለ መካንነት ምን ያውቃል? የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንደተስማማነው የዘንድሮው የጋራ ጥናታችን ስለ መካንነት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ጉዳዩ ምን ያህል ያውቃሉ? ጥያቄያችን ይሄ ነው። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። ዋና ዋናውን እዚህ አስቀምጣለሁ። የጎደለውን ሙሉ፣ የተንዛዛውን ቁረጡ።

መነሻው እንዲህ ይላል። መካንነት ማለት ጥንዶች ያለ መከላከያ በመደበኛነት ግንኙነት እያደረጉ 12 ወርና ከዚያ በላይ እርግዝና ሳይፈጠር ሲቀር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ6 አዋቂ ሰዎች 1 ሰው በሕይወቱ ይህ ይገጥመዋል። በመቶኛ 17.5 ነው። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 17.8፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ደግሞ 16.5። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሀብታም ድሃ የማይል ችግር ነው ማለት ነው።

ዓላማ፦ የተማሪዎችን የእውቀትና የግንዛቤ ደረጃ መለካት። ዘዴ፦ 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ። የናሙና መጠን፦ በተለመደው ቀመር 384፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ተጨምሮ 423። አስተያየታችሁን ጣሉ።

አባል፣ ነርሲንግ፦
ጸሐፊያችን፣ እጅሽ ይባረክ። መነሻው ጥሩ ነው። ዓላማው ግን ደረቀብኝ። ለክተን ምን ልናደርግበት ነው? ተማሪው 100 ውስጥ 50 አገኘ ብለን ጽፈን መደርደሪያ ላይ ልናስቀምጠው ከሆነ ልፋቱ አያስፈልግም።

እኔ የማነሳው ሌላ ነገር ነው። ለምን ተማሪ? ብዙ ሰው «እነሱ ገና ልጅ አላሰቡ፣ ምን ያደርግላቸዋል?» ይላል። እውነት ነው፣ የ20 ዓመት ልጅ ስለ መውለድ ሳይሆን ስለ ፈተና ነው የሚያስበው። ነገር ግን በኋላ ለመውለድ እንቅፋት ከሚሆኑት ነገሮች ጥቂት የማይባሉት የሚጀምሩት በዚሁ ዕድሜ ነው።

ክላሚዲያን ውሰዱ። በባክቴሪያ የሚመጣ የአባላዘር በሽታ ነው። በወጣቶች ላይ በብዛት ይታያል። አብዛኞቹ የተያዙ ሴቶች ምንም ምልክት አያዩም። ህመም የለም፣ ፈሳሽ የለም። ሳይታወቅ ከማህፀን በር ወደ ላይ ይወጣና የማህፀን ቱቦዎች ጋ ሲደርስ ያቆስላል። ካልታከሙት ሴቶች ከ100 ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ የማህፀንና የአካባቢው ኢንፌክሽን ያስከትላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ቱቦውን ያጠበዋል ወይም ጭራሽ ይዘጋዋል። ጨብጥም እንደዚሁ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ያጠፋል። ጠባሳውን ግን አይመልሰውም። ስለዚህ ልጅቷ በ20 ዓመቷ የያዛትን በ30 ዓመቷ ነው የምትሰማው።

አያችሁ? ተማሪውን አሁን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። ዓላማው ላይ «መከላከል የሚቻለውን ክፍል በጊዜው ያውቃሉ ወይ?» የሚል ይግባ።

አባል፣ ስታትስቲክስ፦
በነርሲንጓ ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ ወደ ቁጥሩ ልሂድ።

423 የሚሠራው ተማሪዎችን አንድ በአንድ ከሙሉ ዝርዝር በዕጣ ከመረጥን ነው። እኛ ግን ክፍል መርጠን ክፍሉን በሙሉ ነው የምናስሞላው። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች አንድ መምህር ያስተምራቸዋል፣ ወሬያቸውም አንድ ነው። መልሳቸው ይመሳሰላል። ስለዚህ 384ን በ1.5 እናባዛው፤ 576። 10 በመቶ ስንጨምር 634 ይሆናል። የጤና ተማሪዎችንና ሌሎቹን ደግሞ ከመጀመሪያው ለይተን እንምረጥ። ካልሆነ ሕክምና የሚማረው የሌላውን ውጤት ወደ ላይ ይጎትተዋል።

ሁለተኛ፣ መጠይቁን ከባዶ ባንጀምር ይሻላል። የካርዲፍ የወሊድ እውቀት መለኪያ የሚባል አለ። 13 ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ መላሹ እውነት፣ ሐሰት ወይም አላውቅም ይላል። በ2013 የታተመው ጥናት በ79 አገሮች 10,045 ሰዎችን ጠይቆበታል። አማካይ ውጤቱ ከ100 56.9 ነበር። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ልጅ ለመውለድ እየሞከሩ የነበሩ ናቸው። በጉዳዩ ውስጥ ያለ ሰው ግማሹን አካባቢ ነው የመለሰው ማለት ነው።

በዚህ መለኪያ አንድ ነገር አይመቸኝም። የተሳሳተውም፣ አላውቅም ያለውም እኩል ዜሮ ያገኛሉ። ሁለቱ ለኔ አንድ አይደሉም። አላውቅም ያለ ልጅ ቢነግሩት ይሰማል። አውቃለሁ ብሎ የተሳሳተው ግን አይጠይቅም፤ በያዘው ነው የሚኖረው። ለየብቻ እንቁጠራቸው። የኔ ግምት ትልቁ ችግር ሁለተኛው ጋ ነው የሚል ነው፤ ዳታው ይፍረደኝ።

አማካሪ መምህር፦
ጥሩ ይዛችኋል። መለየቱን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር።

በ2006 በስዊድን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት አለ። ብዙዎቹ ሴት ተማሪዎች ከ35 ዓመት በኋላም ልጅ የመውለድ ሐሳብ ነበራቸው። የመውለድ አቅም መቀነስ የሚጀምርበትን ዕድሜ ግን በደንብ አላወቁትም። ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች በተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚሁ ነው ያዘነበሉት። ተማሪው በአንድ ወር የማርገዝ ዕድልን ከእውነታው በላይ ይገምታል። እንቁላልና የወንድ ዘርን በላብራቶሪ የሚያገናኘውን ሕክምና፣ የአይቪኤፍን ስኬትም እንዲሁ።

ስለዚህ የዕድሜ ጥያቄ ሊቀር አይችልም። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ እንቁላል ይዛ ነው። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300,000 እስከ 400,000 ይቀራል። ዕድሜ ልኳን ወጥተው ለመፀነስ ዕድል የሚያገኙት ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። ሌላው በራሱ ጊዜ ይሟሽሻል። ጤነኛ የሆነች የ30 ዓመት ሴት በአንድ ወር የማርገዝ ዕድሏ ወደ 20 በመቶ ነው። በ40 ዓመቷ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። የምታጨስ ሴት ደግሞ ካላጨሰችው ከ1 እስከ 4 ዓመት ቀድማ ልታርጥ ትችላለች።

አይቪኤፍ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው በ1978 ነው። ለሥራው ሮበርት ኤድዋርድስ በ2010 ኖቤል ተሸልሟል። ግን አይቪኤፍ ያረጀን እንቁላል ወጣት አያደርግም። ተማሪው «ቢዘገይም ላብራቶሪ አለ» ብሎ ከሆነ የሚያስበው፣ ያንን መለካት አለብን።

በዚህ ላይ አደራ የምላችሁ አለ። ጥያቄው ማስፈራሪያ እንዳይመስል። ሴት ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው እንዲወልዱ የሚገፋ ወረቀት ከማህበራችን እንዲወጣ አልፈልግም። መረጃውን እንስጥ፣ ውሳኔው የራሷ ነው።

አባል፣ ኢንጂነሪንግ፦
የጤና ተማሪ አይደለሁም፤ ስሳሳት አርሙኝ። ረቂቁን ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ከ20ው ጥያቄ 16ቱ ስለ ሴት ነው። ዕድሜዋ፣ ክብደቷ፣ የወር አበባዋ፣ መከላከያዋ። ስለ ወንድ የሚጠይቁት 4 ናቸው። እኛ ራሳችን መጠይቁን ስናዘጋጅ የሴት ጉዳይ አድርገነው ቁጭ። ይሄን የሚሞላ ወንድ ተማሪ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ቢወጣ ምን ይፈረድበታል?

ላነበብኩት ያህል ችግሩ ካለባቸው ጥንዶች በግማሽ በሚሆኑት ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ወይ ብቻውን ወይ ከሴቷ ጋር። መምህር፣ ልክ ነኝ?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዶርም ጓደኛዬ ጂም ይሠራ ነበር። የሆነ ሰው የቴስቶስትሮን መርፌ አምጥቶለት ጡንቻው በጥቂት ወራት አበጠ። ሁላችንም እናደንቀው ነበር። በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ጋ ሄዶ የዘር ምርመራ ሲያደርግ በናሙናው ውስጥ አንድም የወንድ ዘር አልተገኘም። ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘርግቶ «ግን እኮ ወንድነቴ ጨምሯል» ሲለኝ አልረሳውም። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነው። የነገረው ሰው ግን አልነበረም። እኛም አብረነው የምንኖረው አናውቅም ነበር።

ይሄ ጥያቄ ይግባ በሉኝ።

አማካሪ መምህር፦
ልክ ነህ። ይግባ። አሠራሩንም በመልሱ ላይ ጻፉት። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬዎች የሚልከውን ትዕዛዝ ያቆማል። ትዕዛዙ ሲቆም ዘር ማምረቱም ይቆማል። ብዙዎች መርፌውን ሲተዉ ይመለስላቸዋል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። አንድ የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመብሰል ብቻውን ወደ 74 ቀን ይወስዳል። ጓደኛህ ሐኪሙን ይከታተል።

ለወንዶች ሌላም አለ። ከጉርምስና በኋላ የሚይዝ ጆሮ ደግፍ የዘር ፍሬን ሊጎዳ ይችላል። በሕፃንነቱ የዘር ፍሬው ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ የቀረ ልጅ አለ፤ በጊዜ ካልታከመ ችግር ያመጣል። በከረጢቱ ውስጥ ያሉ ደም ሥሮች ማበጥም በብዛት የሚገኝ ምክንያት ነው፤ ይታከማል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቁ፦ «ወንድ በግንኙነት ችግር ከሌለበትና ፈሳሽ ካለው ዘሩም ጤነኛ ነው።» ሐሰት ነው። ፈሳሹ ውስጥ ዘር መኖር አለመኖሩ በዓይን አይታይም። የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፦
እስካሁን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። የኢንጂነሪንጉ ወንድሜ ጽሑፍ ግን ዝም አላሰኘኝም።

እኔና ባለቤቴ ልጅ መሞከር ከጀመርን አራት ዓመታችን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የተመረመርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ደም ሰጥቻለሁ። አልትራሳውንድ ስንት ጊዜ እንደታየሁ አልቆጥረውም። ቱቦዬ ክፍት መሆኑን ለማየት ቀለም ተረጭቶ ራጅ ተነስቻለሁ፤ ያን ቀን በጣም አሞኝ ነበር። ሁሉም ደህና ነው ይሉኛል፤ «ጠብቂ» ይሉኛል። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ ፋይሌን ገልብጣ ገልብጣ ስትጨርስ ቀና አለችና «የባለቤትሽ የታለ?» አለችኝ። የሱ ገጽ አልነበረም። ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀንም። እኛም አልጠየቅንም። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴም የተማረ ነው። ለሁለታችንም ግን ጥፋቱ የኔ መሆኑ የታወቀ ነገር ነበር።

ምርመራው ለሱ የፈጀበት አንድ ቀን ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ። የዘሩ ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። አሁን እየታከመ ነው።

መጠይቁ ላይ እንዲገባ የምፈልገው አንድ ጥያቄ ነው። ጥንዶች ካልወለዱ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ማነው? ሴቷ፣ ወንዱ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ አላውቅም።

አባል፣ ነርሲንግ፦
እህቴ፣ ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። ጥያቄሽ አንደኛ ላይ ይቀመጥ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ «መቼ?» የሚለው። ከ35 ዓመት በታች ከሆነች 12 ወር፣ ከ35 በላይ ከሆነች 6 ወር፣ 40 ካለፈች ሳይጠብቁ። የወር አበባዋ በጣም የሚዛባ ወይም የሚያሳስብ የቀድሞ ሕመም ካለም 12 ወር መጠበቅ የለም። ይሄን ተማሪው ቢያውቅ ለራሱ ባይሆን ለታላቅ እህቱ ይነግራል።

አባል፣ ሥነ ልቦና፦
ስለ ቃላት ላንሳ። ረቂቁ ላይ አንድ ቦታ «መካን ሴቶች» የሚል አለ። ይውጣ። «መካን» ስንል ሰውየውን ነው የምንጠራበት፤ እንደ ስም ተለጥፎበት ይቀራል። ሌላው ደግሞ በር የተዘጋ ያህል ይሰማል። መካንነት ግን በብዙዎች ላይ የሚታከም ነው፤ በአንዳንዶቹ ሳይታከሙም እርግዝና ይመጣል። አንድ ወልዳ ሁለተኛ እምቢ ያላት ሴትም በዚህ ትርጉም ውስጥ ናት። እሷን «መካን» ብንላት ማን ይገባዋል? «መካንነት ያጋጠማቸው ሰዎች» ወይም «ለመውለድ የተቸገሩ ጥንዶች» እንበል። መጠይቁ ላይ ደግሞ ትርጉሙን ከላይ በሁለት መስመር እናስቀምጠው። አለበለዚያ ሁሉም በየራሱ ትርጉም ይመልሳል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። 634 ተማሪ ስንጠይቅ ከመሃላቸው የራሷን ነገር ቀድማ የምታውቅ ልትኖር ትችላለች። ከ4,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ሴቶች አንዷ ማህፀን ሳይኖራት ትወለዳለች። አብዛኞቹ የሚያውቁት በጉርምስና ዕድሜ፣ የወር አበባ ሳይመጣ ሲቀር ነው። በካንሰር ሕክምና ያለፈም ይኖራል። ይህቺ ልጅ ጓደኛዋ ጎን ተቀምጣ «ልጅ የሌላት ሴት ሕይወቷ ጎዶሎ ነው፤ ትስማሚያለሽ?» የሚል ጥያቄ ስታገኝ አስቡት። ረቂቁ ላይ 18ኛ ጥያቄ ይሄው ነው። አመለካከት ለመለካት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ይጎዳል። በሌላ እንተካው፤ «ለመውለድ የተቸገረ ጓደኛ ቢኖርህ ምን ትለዋለህ?» ብለን ክፍት ቦታ እንተው።

ስም አይጻፍ። ወንበር ተራርቆ ይሁን። ማቆም የፈለገ ባዶውን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይጨምር፤ ማንም አያውቅበትም። ይሄ ሁሉ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ በሚቀርበው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
18ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ሳነበው ከበደኝ። አውጥቼዋለሁ፤ ያንተን አስገብቻለሁ።

አባል፣ ፋርማሲ፦
ዘገየሁ፤ ይቅርታ። እኔ 11ኛው ጥያቄ ላይ ችግር አለኝ። «የእርግዝና መከላከያ መጠቀም መካንነትን ያስከትላል» ይላል፤ መልሱ ሐሰት። በጥቅሉ ትክክል ነው። ፒሉም፣ በክንድ የሚቀበረውም፣ ሉፑም፣ ድንገተኛ መከላከያውም ለዘለቄታው የመውለድ አቅምን አያጠፉም። ይሄ ወሬ በካምፓስ ምን ያህል እንደገባ ታውቃላችሁ። «አልወለድኩም፣ ስለዚህ አልወስድም» የምትል ልጅ በየቀኑ ናት። ከዚያ ያልታቀደ እርግዝና ይመጣል። ደህንነቱ ባልተጠበቀ ቦታ ካቋረጠችው ደግሞ ኢንፌክሽኑ ቱቦዋን ሊዘጋው ይችላል። መካንነትን የፈራችው ልጅ ወደ መካንነት የሚወስደውን መንገድ ያዘች ማለት ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ነገር ግን መርፌው ይለያል። የሦስት ወሩን መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ በአማካይ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 10 ወር አካባቢ ይፈጅባታል። ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 4 ወር ያህል ይዘገያል። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ግን ይህን ያየች ተማሪ «እውነት» ብላ ብታከብብ ተሳሳተች ልንል ነው? ጎረቤቷ ላይ ያየችውን ነው የጻፈችው።

ስለዚህ ሁለት እናድርገው። አንዱ «የእርግዝና መከላከያ ለዘለቄታው እንዳይወለድ ያደርጋል።» ሐሰት። ሌላው «መርፌ ካቆሙ በኋላ ማርገዝ ወራት ሊዘገይ ይችላል።» እውነት።

አባል፣ ስታትስቲክስ፦
በጣም ጥሩ። «ለዘለቄታው» የምትለው ቃል ጥያቄውን አዳነችው።

አባል፣ ነርሲንግ፦
እኔም በ7ኛው ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። ረቂቁን ለአንዲት ጓደኛዬ ሰጥቻት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። 7ኛው «ሴት ለማርገዝ ይበልጥ የምትዘጋጀው የወር አበባዋ በመጣ በ14ኛው ቀን ነው» ይላል። ጓደኛዬ ጣቷን አጥፋ ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች፣ ከዚያ «የማን የወር አበባ?» አለችኝ። የሷ በየ35 ቀኑ ነው የሚመጣው። ልክ ናት። 14ኛው ቀን የሚሠራው የ28 ቀን ዑደት ላላት ነው። እንቁላል የሚወጣው በአብዛኛው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን አካባቢ ቀደም ብሎ ነው። ለሷ 21ኛው ቀን ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

የማርገዣው ጊዜም አንድ ቀን አይደለም። በ1995 የታተመ የታወቀ ጥናት 6 ቀን መሆኑን አሳይቷል፤ እንቁላል የሚወጣበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት 5 ቀናት። የወንድ ዘር በሴቷ ማህፀንና ቱቦ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንቁላሉ ግን የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። ስለዚህ 7ኛውን «እንቁላል ከወጣ ከሁለት ቀን በኋላ የሚደረግ ግንኙነት ከፊቱ ከነበሩት ቀናት ይበልጥ ለእርግዝና ይመቻል» ብለን እንቀይረው። ሐሰት።

ያቺው ጓደኛዬ ደግሞ የወር አበባ ሕመሟ አልጋ ላይ የሚያስተኛ ነው። በየወሩ ሁለት ቀን ክላስ ትቀራለች። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚለውን ቃል መጠይቁ ላይ አይታ «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም ነው፤ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ አለባቸው። ነገርኳት፤ ክሊኒክ አብሬያት እሄዳለሁ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪም ይጨመር። እሱ እንቁላል በጊዜው እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት ነው፤ ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፦
ይሄ እኮ ነው። ጓደኛሽ መጠይቁን ሞልታ ከመውጣቷ በፊት መልሱን አገኘች፤ አንቺ አጠገቧ ስለነበርሽ። ሌሎቹ 634 ልጆችስ? ጠይቀናቸው፣ የተሳሳቱትን ይዘው ሊወጡ ነው? መጠይቁን ከሞላች በኋላ ፍርሃት ገብቷት ማታ የምትተኛ ልጅ ትኖራለች። ሲወጡ የመልስ ወረቀት ይሰጣቸው። ሁለት ገጽ።

አባል፣ ስታትስቲክስ፦
ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ግን ዳታውን ያበላሸዋል። ሰኞ ለአንድ ክፍል መልስ ብንሰጥ ማታውኑ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ካምፓሱን ያዳርሳል። ማክሰኞ የሚሞሉት የሚያውቁ መስለው ይመጣሉ። ጥናቱ ሲያልቅ ሪፖርቱን እንለጥፍላቸው።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፦
ጥናቱ የሚያልቀው መቼ ነው? ተንትነን፣ ጽፈን፣ አስገምግመን... ተመራቂዎቹ ሄደዋል። ሪፖርት የሚያነብም የለም። ይቅርታ አድርግልኝና በዚህ አልስማማም። ለኔ አንድ ሰው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር።

አማካሪ መምህር፦
ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። መውጫ ግን አለ። ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ብናስሞላስ? አንድ ክፍል በአማካይ 46 ተማሪ ቢይዝ 634 ለማግኘት 14 ክፍል ይበቃል። ሁሉም በ3 ሰዓት ጀምሮ በ4 ሰዓት ይጨርሳል። በር ላይ መልሱን ይዘው ይወጣሉ። ማን ለማን ያሾልካል?

አባል፣ ስታትስቲክስ፦
14 ክፍል በአንድ ሰዓት ካለ ሐሳቤን አነሳለሁ። ግን 14 ሰው ያስፈልጋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ማብራሪያ የሚሰጥ። ግማሽ ቀን ሥልጠና እንስጣቸው። መጠይቁንም አስቀድመን ከናሙናው ውጭ በሆኑ 30 በሚሆኑ ተማሪዎች እንሞክረው። እህቴ፣ አጥብቀሽ ስለያዝሽው አመሰግናለሁ።

አባል፣ ኢንጂነሪንግ፦
እኔና ሦስት ጓደኞቼ አራት ክፍል እንይዛለን። ወንዶች ያሉበት ክፍል ወንድ ቢያስረዳ ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ ቢያንስ አይሳሳቁም። የዶርም ጓደኛዬንም አናግሬው ነበር። ስሙ ሳይጠቀስ ታሪኩን በመልሱ ወረቀት ላይ ተጠቀሙበት ብሏል።

አባል፣ ፋርማሲ፦
እኔ ሁለት ክፍል። ስለ መከላከያ ያለውን የመልስ ክፍልም እጽፋለሁ።

አባል፣ ሥነ ልቦና፦
ሁለት። የካምፓስ ክሊኒክንና የምክር አገልግሎቱን አነጋግራለሁ። በዚያ ቀንና በማግስቱ የሚመጣ ተማሪ ሊበዛ ስለሚችል ቀድመው ይወቁ። አድራሻቸው በመልሱ ወረቀት ግርጌ ይግባ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
እስካሁን የደረስንበትን አስተካክዬ አስገብቻለሁ። ዓላማው አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ መካንነት መንስኤ፣ መከላከያና ምርመራ የሚያውቁትን፣ የማያውቁትንና ተሳስተው የያዙትን ለየብቻ መለየት፤ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ትክክለኛውን መረጃ በዕለቱ መስጠት።» ጥያቄዎቹ 24 ሆነዋል፤ 10ሩ ስለ ሴት፣ 9ኙ ስለ ወንድ፣ 5ቱ ስለ ሁለቱም። ናሙና 634፣ 14 ክፍል፣ አንድ ቀን። ከመካከላችሁ 8 ክፍል ተይዟል፤ እኔ ሁለት ወስጃለሁ። አራት ይቀራል።

አባል፣ ነርሲንግ፦
ሦስቱን እኔና የክፍሌ ልጆች።

አባል፣ ስታትስቲክስ፦
አንዱ የኔ ነው። ተሞላ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰኞ አስገባለሁ። የመልሱ ወረቀት የመጀመሪያ ገጽ ግን ገና ባዶ ነው። ማን ይጽፈዋል?

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፦
እኔ። ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር፦ «ልጅ ሞክራችሁ ከዘገየባችሁ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ሂዱ። ፋይሉ ላይ የሁለታችሁም ገጽ መኖሩን ሳታዩ አትውጡ።»